ለታላቅ ወንድም የተመረጠ ጓንት

ጋሽ ልኩ ከሚሠራበት ሱቅ ገብቶ፣ አብሮ ላልመጣ ሰው ጓንት መግዛት አይታሰብም። «ለአባቴ ነው፤ እጁ ቁርጥ የኔን ነው» ቢሉት «እንግዲያው አባትህን ይዘህ ና» ይላል። «አጎቴ ሩቅ አገር ነው፤ ድንገት ልኬ ላስደስተው ብዬ ነው» ቢሉትም ያው ነው። መሳቢያውን ቀስ አድርጎ ይገፋና ገዢውን ወደ ከረባቱ ጠረጴዛ ይመራዋል። ከረባት ጣት የለውም፤ ለማንም አንገት ይሆናል። የሱቁ ባለቤት በዚህ አመሉ ስንት ጊዜ ተበሳጭቶበታል መሰላችሁ። ግን ሽማግሌ ነውና፣ ደግሞም ግራጫ ጓንት በእሱ እጅ ካልተመረጠ ያላማረ የሚመስላቸው ደንበኞች ስላሉ፣ ባለቤቱ አጉረምርሞ ይተወዋል። አዲስ የገቡት ሻጮች እርጅና ነው ይላሉ። እርጅና አይደለም።

ዱሮ እንዲህ አልነበረም። እንዲያውም ልኩ የሚለው ቅጽል ስም የወጣለት በተቃራኒው ሥራው ነው። ሱቁ የወንዶች የክት ልብስ የሚሸጥበት ነው፤ ልብስ ሰፊዎቹ ፎቅ ላይ ስለሚሠሩ የስፌት መኪናቸው ድምፅ ቀኑን ሙሉ በጣሪያው በኩል ይወርዳል። ታች፣ ከባርኔጣዎቹ ቀጥሎ፣ ረጅሙ ባለ መስታወት ጠረጴዛ አለ፤ ያ የልኩ ግዛት ነው። ደንበኛ ሲገባ ልኩ ከጠረጴዛው ጀርባ ወጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «እንኳን ደህና መጡ» እያለ እጁን ይጨብጣል። ሰውዬው ገና እጁን ሳይሰበስብ «ስምንት ተኩል ነዎት» ይለዋል። ሜትር የለ፣ ወረቀት የለ። ሰውዬው ይስቃል፣ ጓንቱን ያጠልቃል፣ ጓንቱም ልክክ ይላል። ልብስ ሰፊዎቹ መጀመሪያ አላመኑም ነበር፤ ዓይኑን በሻርፕ አስረው አንድ በአንድ አስጨበጡትና የሁሉንም ልክ ያለ ስህተት ነገራቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልኩ ሆነ። በወላጆቹ የወጣለትን ስም የሚጠራው አንድ ሰው ብቻ ነበር የቀረው።

በእጅ ላይ የማያነበው ነገር አልነበረም። ይሄ ብዕር ይይዛል፣ ይሄ መሪ ይዞ ነው የሚውለው፣ ይሄ ነገ ሠርጉ ነውና መዳፉ አልቦታል ይላል። ታዲያ ችሎታውን ያውቅ ነበር፣ ሲያውቀውም ትንሽ ያበዛው ነበር፤ መቼም ሰው የተካነበትን ነገር በልኩ መያዝ ይቸግረዋል። ደንበኛውን መጀመሪያ የሚጠይቀው ግብዣው በቀን ነው ወይስ በማታ ብሎ ነው። የማታ ከሆነ ሌላ ሻጭ ይበቃዋል። የቀን ከሆነ ግን ልኩ ራሱ ይነሣል፣ የቀን ብርሃን ምንም አይደብቅምና። ጥቁር አውጡልኝ የሚለውን «ማን ሞተብዎት?» ይለዋል። ነጭ የሚፈልገውን «ትሪ ይዘው ሊያስተናግዱ ነው?» ብሎ ያስቀዋል። ቡናማ ለመንገድ ነው። በጠራራ ፀሐይ ለክብር ቦታ የሚቆም ሰው የሚያደርገው ግራጫ ነው፤ ከስስ ቆዳ የተሰፋ፣ ጀርባው ላይ ሦስት መስመር ስፌት ያለው፣ አንጓው ላይ በአንዲት ቁልፍ የሚያያዝ። ሲገዛ ጠበብ ይላል፣ ቆዳው ገላን ይለምዳል።

በመጨረሻም ማንንም ሳያስተምር የማይሸኘው አንድ ሥርዓት ነበረው። «ሰው ሲጨብጡ የቀኙን ያውልቁ» ይላል። «በጓንት መጨበጥ እንግዳን በር ሳይከፍቱ እንደ መቀበል ነው።»

ይህን ሁሉ ከየት እንዳመጣው ሲጠየቅ ተሰጥዖ ነው ይል ነበር። እኔ ግን እላችኋለሁ፣ ተሰጥዖ አልነበረም። የተማረው ከታላቅ ወንድሙ መዳፍ ውስጥ ነው።

እናትና አባታቸው በላይ በላዩ ሲሞቱ ልኩ ገና የወተት ጥርሱን ያልጨረሰ ልጅ ነበር፤ ወንድሙ ደግሞ ጢም ሊያበቅል የሚዳዳው ጎረምሳ። ጋሼ ነው የሚለው፤ ጋሼ እያለ አደገ፣ ጋሼ እያለ አረጀ። ጋሼ ትምህርቱን ጥሎ ድንጋይ ጠራቢ ሆነ። ከድንጋይ መጥረቢያው ግቢ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር፤ በሯ ከታች ክፍት ስለሆነ የጠዋቱ ብርድ እንደ ባለቤት ያለ ፈቃድ ይገባል። ጋሼ ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት የወንድሙን ሁለት እጆች አንድ ላይ ይሰበስብና በአንድ መዳፉ ውስጥ ይከታቸዋል። እስኪሞቁ አይለቃቸውም። መዳፉ እንደ ሞረድ ይከረክራል፣ ግን ይሞቃል። ልኩ በዚያ መዳፍ ውስጥ ሆኖ ነው እጅ ስፋት እንዳለው፣ ርዝመት እንዳለው፣ ጠባይ እንዳለው ያወቀው። እጆቹ ሲያድጉ፣ በመዳፉ ውስጥ ሁለቱም አልገጥም ሲሉ፣ ጋሼ «አሁንስ አድገሃል፤ በየተራ አምጣቸው» እያለ ያሾፍበት ነበር።

ልኩ ለሥራ ሲደርስ መዶሻ ማንሳት ፈለገ። ጋሼ እምቢ አለ። ያን ጊዜ የሱቁን ፊት ለፊት ደረጃ የሚሠራው እሱ ነበር። ድንጋዩን ጠርቦ ሲጨርስ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ባለቤቱ ዘንድ ገባና ወንድሜን እዚህ ቅጠሩልኝ ብሎ ለመነ። ወጥቶ ደግሞ ለልኩ «ሻካራውን እኔ ይዤልሃለሁ፤ አንተ ለስላሳውን ያዝ» አለው። ደንበኞች ሁሉ የሚያደንቁት የልኩ ለስላሳ እጅ እንግዲህ እንዲህ ነው የተገኘው። ወደ ሱቁ የሚወጣበት ደረጃ እስከ ዛሬ ድረስ የጋሼ እጅ ሥራ ነው፤ ልኩ ጠዋትና ማታ ይረግጠዋል።

ዓመታት አለፉ። ልኩ አገባ፣ ሴት ልጅ ወለደ፣ ሚስቱን በሕመም ተነጠቀ፣ ልጁን አሳደገ። ጋሼም አገባ፣ ልጅ ግን አልሰጠውም። ከከተማው ማዶ፣ ድንጋዩ ከሚወጣበት አጠገብ ቤት ሠርቶ ከሚስቱ ከእትዬ ጋር ይኖራል። መጀመሪያ በየሳምንቱ ይጠያየቁ ነበር፣ ቀጥሎ በየወሩ፣ ቀጥሎ ደግሞ ሲመቻቸው። ሰው ከሰው የሚራራቀው በጠብ ብቻ አይደለም፤ «በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ» በማለትም ነው። መንገዱ በአውቶቡስ ነው፣ አውቶቡሱ አቧራማ ነው፣ የልኩ ሱሪ ደግሞ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባል የለ፤ ያሳደገ ወንድምም የትም አይሄድም ተብሎ ይረሳል።

እናም በስልክ ተወሰኑ። አንድ ቀን ጋሼ በወሬ መሃል «እጄን ድንጋይ ትንሽ ነካ አርጎኝ ነበር፤ አሁን ድኗል» አለ። ልኩ «አይዞህ፤ ተጠንቀቅ እንጂ ጋሼ» አለና አዲስ ስለገቡት ባርኔጣዎች ማውራት ቀጠለ። የትኛው እጅህ? ምኑን? እንዴት ሆነህ? ብሎ አልጠየቀም። እጅ አዋቂው ሰው ስለ አንድ እጅ አንዲት ጥያቄ አልጠየቀም። በኋላ ዕንቅልፍ የሚነሳው ይኸው ነው።

የልኩ ልጅ ታጨች። ሙሽራው ደህና ልጅ ነው፤ አባቱ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፣ ዘመዶቻቸውም ደህና የለበሱ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰዎች። ሠርጉ በቀን ሆነ፣ ከእኩለ ቀን በፊት። ከሙሽሪት ወገን በር ላይ ቆሞ አማቶችን የሚቀበለው የቤተሰቡ ታላቅ ነው፤ ታላቁ ደግሞ ጋሼ ነው። ልኩ ደውሎ ነገረው። ጋሼ ግን ይቅርብኝ፣ አንተ ራስህ ብትቆም ይሻላል፣ እኔ ከኋላ ሆኜ አያለሁ አለ። ልኩ ትሕትና መሰለውና ሙግት ያዘ። አንተ ካልቆምክ ማን ሊቆም ነው ብሎ በመጨረሻ አሳመነው።

ስልኩን ሲዘጋ ግን ውስጡ ሌላ ነገር ተንቀሳቀሰ። የጋሼ እጅ ትዝ አለው። ስንጥቆቹ ውስጥ የገባው የድንጋይ ዱቄት በሳሙና አይለቅም፤ ጥፍሮቹ የተቀጠቀጡ ናቸው። ያ እጅ የዳኛውን እጅ ሊጨብጥ ነው። ልኩ አፈረ። ይህን ለማንም አልተናገረም፣ ለራሱም ቁልጭ አድርጎ አልተናገረው። ይልቅስ «ለጋሼ ጥሩ ጓንት ልምረጥለት» አለ። ይህም እውነት ነበር፤ ወንድሙን ሊያከብር ፈልጓል። እጁንም ሊሸፍን ፈልጓል። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ጓንት ውስጥ ገቡ።

ሲመርጥ ለሙሽራ እንኳ እንዲያ ተጨንቆ አያውቅም። መሳቢያዎቹን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ወፍራሙን ቆዳ አንስቶ ለጋሼ ይስማማው ይሆን ብሎ አሰበና መለሰው፤ ወፍራም ጓንት የሠራተኛ ነው፣ ያው ሠራተኛ ነው ሊያስብለው ነው። ጥቁሩ እጅን ከሁሉ አሳምሮ ይሸፍን ነበር፣ ግን በሠርግ ቀን ጥቁር ጓንት አይታሰብም። ባለቤቱ ቢጫ የሚመታ ቆዳ አቀረበለት፤ ልኩ ለጎረምሳ ነው ብሎ ናቀው። መጨረሻ ላይ ከላይኛው መሳቢያ ግራጫ አወጣ፤ እስካሁን ሱቁ ከገቡት ሁሉ ስሱ፣ ጣት ሲገባበት የጣቱን መገጣጠሚያ ሳይቀር የሚያሳይ። መስኮቱ ጋ ወስዶ በብርሃን አየው። ይህ ነው አለ።

ልጁ ያን ዕለት ሱቅ መጥታ ነበርና ጓንቱን አይታ ወደደችው። ቀጥላም «አባዬ፣ ሄደህ ለምን አትለካውም? ካየኸውም ስንት ጊዜህ ነው» አለችው።

ልኩ እንደ መቆጣትም እንደ መሳቅም አለ። «የጋሼን እጅ? እኔ እኮ በዚያ እጅ ውስጥ ነው ያደግኩት። አሥር ቁጥር ነው። ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ።»

ጓንቱን ከልብስ ሰፊዎቹ አንዱ፣ ወደዚያ ሰፈር የሚያመራው፣ ለእትዬ በር ላይ አድርሶ መጣ። ጋሼ ማግስቱን ደወለ። ደርሶኛል፣ በጣም ያምራል፣ እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አድርጌ አላውቅም አለ። ልኩ ኮራና ልኩስ እንዴት ነው ብሎ ጠየቀ። «ልኩማ ልክ ነው» አለ ጋሼ፤ «መዳፌ ላይ ቁጭ ብሏል።» አልዋሸም። መዳፉ ላይ ልክክ ብሎ ነበር።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ልኩ አዳራሹ በር ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ጋሼ ከእትዬ ጋር መጣ። አሮጌ ሙሉ ልብሱ ታጥቦ ተተኩሷል፣ ጫማው ያበራል፣ ጓንቱ በሁለቱም እጁ ላይ ነው፣ ቁልፎቹ ተቆልፈዋል። ልኩ እጁን ዘርግቶ ወደ እሱ ሄደ። ጋሼ ግን የተዘረጋውን እጅ አልፎ በግራ ክንዱ አቀፈውና ደረቱ ላይ ለጠፈው፤ አጥብቆ ያዘው፣ ቆየ። ልኩ ከረባቱ እንዳይጨማደድ ፈራ። ሲላቀቁ ዓይኑ መጀመሪያ የሄደው ወደ ጓንቱ ነው፤ አምስቱም ጣት ሙሉ፣ ቀጥ ያለ፣ የሚያምር። አላሳፈረኝም አለ በልቡ። ስለ ጓንቱ ነው ያለው።

አማቶች መጡ። ዳኛው ከፊት ናቸው፤ ሥርዓት የሚያውቁ ሰው ናቸውና ገና ከመኪና ሲወርዱ የቀኝ ጓንታቸውን አውልቀው በግራቸው ይዘዋል። ወደ ጋሼ ቀርበው ባዶ እጃቸውን ዘረጉ። ጋሼም እጁን ዘረጋ፣ ከነጓንቱ።

ልኩ ከጎን ቆሞ ነበር። ስንቱን ሙሽራ፣ ስንቱን የሙሽራ አባት ያስተማረው ሥርዓት በገዛ ወንድሙ ሲጣስ አየ። ዝም ማለት ይችል ነበር። ዳኛው ምንም ባላሉ፣ ምንም ባልሆነ፣ ሁለቱ ሰዎች ተጨባብጠው ባለፉ። ግን ፊቱ ጋለ፣ አፉም ቀደመው።

«ጋሼ፣ ጓንቱን አውልቀህ እንጂ» አለ ፈገግ ብሎ። ወደ ዳኛው ዞሮም «አይፍረዱበት፤ የድንጋይ ሰው ነው፣ አልለመደበትም» ብሎ ጨመረ።

ከኋላ የነበሩት ሳቅ አሉ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የሚመልሰው የለም። ጋሼ ወንድሙን አየው። ልኩ ያንን አስተያየት ብዙ ዘመን ሲያገላብጠው ኖሯል፤ ቁጣ ፈልጎ አጥቶበታል። ተግሣጽም አልነበረበትም። አንድ ሰው ሲለፋበት የከረመው ነገር በመጨረሻዋ ደቂቃ ሲፈርስ የሚያይ ዓይነት ነበር።

«እውነትህን ነው» አለ ጋሼ። በግራ እጁ ቁልፏን ፈታ፣ ጓንቱን ቀስ ብሎ ሳበው። እጁ ወጣ። በቀለበት ጣቱና በትንሿ ጣቱ ቦታ ላይ ምንም የለም፤ የተሰፋ፣ ቀይ ሆኖ የቀረ ጠባሳ ብቻ። በግራ እጁ በያዘው ጓንት ላይ ግን ሁለቱ ጣቶች በጥጥ ተሞልተው እንደ ቆሙ ቀሩ።

የሚስቅ የለም። ዳኛው የጋሼን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙት፣ «እንኳን ደስ አለን ወንድሜ» አሉ፣ ሳይቸኩሉ ቆዩ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ አለፉ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ልኩ ግን በዚያች ደቂቃ ጨዋነታቸውንም ጠላው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። አንድ ነገር ልናገር ብሎ ወደ ጋሼ ተጠጋ፤ ሌላ እንግዳ መጣ። እንደገና ተጠጋ፤ አሁንም ሌላ መጣ።

ጋሼ ጓንቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው፣ መልሶም አላጠለቀውም። ቦታውንም አልለቀቀም። የመጣውን እንግዳ ሁሉ፣ ሕፃን አዋቂ ሳይል፣ በዚያ በባዶ እጁ ጨበጠ። አንዳንዱ ደንገጥ ይላል፣ አንዳንዱ ዓይኑን ይሰብራል፣ አንዷ ሴት እጇን ሳብ አደረገች። ጋሼ ለሁሉም «እንኳን ደህና መጣችሁ» ይላል። አውልቅ ተብሏል፤ ወንድሙ ሥርዓት ያውቃል፤ ስለዚህ አወለቀ። ልኩ ከአዳራሹ ውስጥ ሆኖ በመስታወቱ በኩል ያየዋል፣ አጠገቡ ያለው ሰው ስለ ሙሽሮቹ የሚነግረው አይገባውም። ሙሽሮቹ ለመሸኘት ሲነሱ ጋሼን ቢፈልገው የለም። እትዬ ደክሞታል ብላ ይዛው ሄዳለች።

በማግስቱ ልሂድ አለ፤ አልሄደም። ምን ብዬ ነው የምገባው አለ። በሳምንቱም አልሄደም። ደወለ፤ ጋሼ እንደ ወትሮው ደህና ነን፣ ልጅቷ እንዴት ናት አለ፤ ልኩ ያሰበውን ሳይናገር ዘጋ። ሐፍረት እንዲህ ነው፤ ይቅርታውን ያቆየዋል፣ በቆየም ቁጥር ራሱ ይወፍራል። ብርዱ አልፎ ሙቀቱ ሲመጣ ልጁ ከባሏ ጋር ሄዳ ጋሼን ጠይቃው ተመለሰች፤ አባቷንም «አንተስ?» አለችው። በዚያው ቀን ተነሥቶ አቧራማው አውቶቡስ ውስጥ ገባ።

እትዬ በሩን ከፈተችለት። ጋሼ ድንጋይ መጥረቢያው ግቢ ነው፣ አሁን ይመጣል አለችው። መዶሻ መጨበጥ ካቃተው ወዲህ ለሌሎቹ ጠራቢዎች ድንጋይ ይመርጥላቸዋል፤ በጥፍሩ መትቶ ድምፁን ሰምቶ የሚሰነጠቀውን ከማይሰነጠቀው ይለይላቸዋል። ልኩ ተቀመጠ። ጓንቱ ቁምሳጥኑ ላይ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር፤ የግራው ጫፍ ወጣ ብሏል። ጥጡ የማን ሐሳብ እንደነበረ ጠየቃት።

እትዬ መጀመሪያ ተወው አለችው። ከዚያ ግን ጨርቁን እያስተካከለች ነገረችው።

«ጓንቱ ሲመጣ ሁለቱ ጣቶች ተልፈሰፈሱበት። ቆዳው ስስ ነው፣ ሁሉን ያሳያል። ጥጥ አመጣሁለት። ከዚያ ወዲህ ከሥራ በተመለሰ ቁጥር ኩሽና ድረስ መጥቶ 'እስቲ ጨብጪኝ' ይለኛል። እጨብጠዋለሁ። 'ይታወቃል?' ይለኛል። 'ኧረ አይታወቅም' እለዋለሁ። አያምነኝም፤ ጥጡን ያወጣል፣ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። 'የወንድሜ ቀን ነው፤ ሰው እጄን እያየ እንዳያዝን' ነበር የሚለው።»

እትዬ ጓንቱን መልሳ ጠቅልላ ጨመረች።

«የፈራው አንተን ብቻ ነበር። 'እሱን ማታለል አይቻልም፤ አንዴ ከጨበጠኝ ያውቃል፣ አውቆም ቀኑ ይበላሽበታል' አለኝ። አስቦ አስቦ 'ግዴለም፣ እሱን አልጨብጠውም፣ አቅፈዋለሁ' አለ።»

ልኩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ያ እቅፍ፣ ከረባቴን ያጨማድድብኛል ብሎ የሰጋበት እቅፍ፣ ለካ ስንት ቀን ታስቦበት ኖሯል። እትዬ ውኃ ልቅዳልህ ብላ ወጣችና ሳትቸኩል ቆየች።

ጋሼ ልብሱ ላይ የድንጋይ ዱቄት ይዞ ገባ፤ ወንድሙን ሲያይ ፊቱ በራ። «ዛሬ ፀሐይ ከየት ወጣች» አለ። ወላጆቻቸው ባወጡለት ስሙም ጠራው። ልኩ ተነሥቶ ቆመ። በአውቶቡስ ውስጥ ያዘጋጀው ንግግር ሁሉ ጠፋበት።

«ጋሼ፣ በድዬሃለሁ» አለ።

«ምን በደልከኝ?»

«በሰው ፊት...»

«አውልቅ አልከኝ፣ አወለቅኩ። ትክክል ነበርክ እኮ፤ ሰውዬው እጃቸውን ዘርግተው ቆመው በጓንት ልጨብጣቸው?» አለና ተቀመጠ። «ደግሞ እጄን ነካ አርጎኛል ብዬህ ነበር። አልዋሸሁህም።»

«አልጠየቅኩህማ።»

«አልጠየቅከኝም» አለ ጋሼ። የወቀሳ ድምፅ አልነበረውም፤ እንደ ልኬት ነገር ነው የተናገረው፣ እንዲያ በመሆኑም ከወቀሳ ባሰ። ወዲያው ግን ወንድሙ አንገቱን ሲደፋ አይቶ ነገሩን ወደ ጨዋታ መለሰው። «አምስት ጣት እኩል አይደለም ሲሉን ነው የኖሩት። እኔ ያስቸገሩኝን ሁለቱን አሰናብቼ ተገላገልኩ።» ብቻውን ሳቀ። ልኩ ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። ጋሼም ሳቁን ተወና «ጓንቱ ግን ልክ ነበር» አለ፣ ለማጽናናት፤ «ልኩን አልሳትክም።»

ሲመሻሽ ልኩ ለመሄድ ተነሣ። በሩ ላይ ደርሶ ዞረና ቀኝ እጁን ዘረጋ። የመጣው ለዚህ ነው። ያንን እጅ፣ እንዳለ፣ ሦስት ጣቱንና ጠባሳውን፣ በእጁ ውስጥ ይዞ እስኪሞቅ ድረስ ላለመልቀቅ ነው የመጣው። ጋሼ የተዘረጋውን እጅ አየ። ከዚያም ፈገግ ብሎ ግራውን ሰጠው።

ልኩ ቀኙን ስጠኝ ለማለት አፉን ከፈተ፣ አቃተው። በሰው ፊት አውልቅ ብሎ አንዴ አዝዞታል፤ ደግሞ ማዘዝ ሆነበት። ግራውን ጨበጠና ሄደ።

ከዚያ በኋላ አቧራማውን አውቶቡስ ለመደው፤ ጋሼ እስኪሞት ድረስ ከመሄድ አልቦዘነም። ተጫወቱ፣ ሳቁ፣ የልጅቱን ልጅ አብረው አዩ። የሠርጉን ነገር ማንኛቸውም ዳግመኛ አላነሱም። ጋሼ ሲቀበለውም ሲሸኘውም ግራ እጁን ይሰጠዋል፤ ቀኙ ኪሱ ውስጥ ወይም ከኋላው ነው። ቂም ይዞ አልነበረም፣ ልኩም ይህን ያውቃል። ወንድሙ እንዳያዝን ነው፣ እንደ ጥጡ ጊዜ።

አሁን በሱቁ ልኩ ማንንም በመጨበጥ አይለካም። ከመሳቢያው ሜትር ያወጣል፣ «እጅዎን እዚህ ላይ ዘርጉልኝ» ይላል፣ የተዘረጋውንም እጅ መጀመሪያ በደንብ ያየዋል። የዱሮ ደንበኞች እንደ ዱሮው ጨብጠን ሲሉት ይስቅና ይተወዋል። የጋሼን ግራ እጅ ልክ ያውቃል፤ በእርጅና ከአሥር ወደ ዘጠኝ ተኩል፣ ኋላም ወደ ዘጠኝ ሲወርድ በእጁ ውስጥ ተከታትሎታል። የቀኙን ግን እስከ ዛሬ አያውቀውም።